ርካሽ ጎጆ

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በቀደም ስልክ ደወለልኝ። ሥነ ጽሑፉን ከተወው ቆይቷል፤ አሁን የሞላለት ነጋዴ ነው። ያን ጊዜ ፈተና ላይ ያልጻፈውን ሁሉ አሁን በስልክ ያወራዋል። ከጤናው፣ ከልጆቹ፣ ከኑሮ ውድነቱ በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«መምህር፣ ጎጃም ገጠር ውስጥ ትንሽዬ የዊክኤንድ ቤት ሠርተዋል ሲሉ ሰማሁ። በጣም በርካሽ አሉ። ስንት ፈጀብዎት?»

«ሠላሳ አንድ ሺህ ብር። በ2010 ዓ.ም. ብር ነው ታዲያ» አልኩት።

በስልኩ ውስጥ አፏጨ። «ከነመሬቱ?»

እሱም ለካ ቦታ አይቷል። ከከተማ ወጣ ያለ፣ ነፋሻ፣ ከበስተጀርባው ባሕር ዛፍ፣ ከፊቱ ሜዳ። ገበሬው ግማሽ ጥማድ «ሊሰጠው» ተስማምቷል። የቀረው የቤቱ ሥራ ነው፤ እሱንም በጭቃና በእንጨት ቢያደርገው ምን ያህል እንደሚቆጥብ ለማወቅ ነው የደወለው። ስለ ጭቃና ስለ እንጨት ልነግረው እችላለሁ፤ እነግረዋለሁም። «ከነመሬቱ?» የምትለዋ ጥያቄ ግን በስልክ የምትመለስ አልሆነችልኝም። እዚህ ልመልስለት። ስሙን አልጠራም፤ ደግሞም እንደ እሱ ያለው ብዙ ነው።

በፊት ግን የሌላ ሰው ቤት ላስጎብኛችሁ።

በዚያው በ2010 ዓ.ም. ለፋሲካ አገሬ ገብቼ ሳለ ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ አንድ የድሮ ባልደረባዬን አገኘሁ። ሞስኮ የተማረ ሰው ነው። ቡና አዘን ቁጭ ከማለታችን ምሬቱን ዘረገፈው። «እናንተ ጎጃሞች!» አለኝ። (የመጣው ከሌላ ክፍለ ሀገር ነው፤ በጅምላ የሚጠራን ሲናደድ ብቻ ነው።) «ገበሬያችሁ'ኮ አይታመንም!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወዳጄ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ዳቻ ሠርቷል። ቃሏን ከሞስኮ ነው ያመጣት። በዳቻዋ ዙሪያ ሣር ተክሏል፤ ሣሩን ግን የገበሬው ላም ትግጥበታለች። አንዴ ብቻ አይደለም፤ መኸር በተሰበሰበ ቁጥር ትመጣለች። ገበሬውን ቢወቅሰው «እሷ ምን ታውቃለች ጌታዬ፣ የለመደችው ቃርሚያዋን ነው» አለው። ይኼም ይሁን። ከዚያ የገበሬው ልጅ መጣ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሊያገባ ነው፤ ጎጆ መውጫ ይፈልጋል። ዳቻዋ በር ላይ ቆሞ «ይህ የአባቴ መሬት ነው፤ አባቴ ለማንም አልሸጠም» አለ። በማግሥቱ ቀበሌ ሄዶ አመለከተ።

«አልሸጠም ይላል እንዴ!» ወዳጄ ጠረጴዛውን መታው። «ሥልሳ ሺህ ብር ቆጥሬ የሰጠሁት እኔ! ውል አለኝ!»

ውሉን አሳየኝ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ጽሑፍ ሳነብና ሳስነብብ ኖሬአለሁ፤ እንደዚህ ያለ አልገጠመኝም። አንድ ገጽ ናት። ሦስት ምስክሮች፣ አንድ የጣት አሻራ። ገበሬው ስለተደረገለት መልካም ውለታና እንክብካቤ ግማሽ ጥማድ መሬቱን ለወዳጄ በስጦታ አበርክቶለታል። ሥልሳ ሺህ ብር የሚል የትም የለም። የቅኔ አገር ሰው ነኝና ሰሙና ወርቁ ወዲያው ታየኝ፤ ሰሙ ስጦታ፣ ወርቁ ሽያጭ። ልዩነቱ ቅኔ ወርቁ ሲፈታ ይደነቃል፤ ይህ ውል ግን ወርቁ የተፈታ ዕለት ይፈርሳል።

ለምን በሰም እንደተሸፈነ አንባቢ ያውቀዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። የአማራ ክልል የ1998ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ኪራይን እስከ 25 ዓመት ፈቅዶ ነበር፤ ስጦታንም ፈቅዶ ነበር፤ ስጦታው ግን በግብርና ለሚተዳደር ወይም ሊተዳደር ለሚፈልግ ዘመድ የታሰበ እንጂ ቅዳሜ መጥቶ እሑድ ለሚመለስ ሰው አልነበረም። ሌላም መላ አለ። ያው አንቀጽ 40 ሰው በመሬቱ ላይ በጉልበቱ የሠራው የራሱ ነው ስለሚል፣ ገበሬው በአንድ ሳምንት አንዲት ደሳሳ ጎጆ ያቆማል፤ ከተሜው «ጎጆዋን» ይገዛል። ጎጆዋ ሁለት መቶ ሺህ ብር ታወጣለች። በዓለም ላይ እንደኛ አገር ውድ ደሳሳ ጎጆ ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ ወዳጄ በገዛ ወረቀቱ መሠረት መሬት አልገዛም፤ ተሰጠው። ታዲያ የሰጪው ልጅ «አባቴ አልሸጠም» ቢል ውሸቱ የቱ ላይ ነው? ሽያጭ ነው እንዳይል ውሉ ይፈርስበታል። ስጦታ ነው እንዳይል ምን ያናድደዋል? ስጦታ የሰጠ ሰው ላም ደግሞ በለመደችበት ብትግጥ ምን ይደንቃል?

ዳቻ የምትለዋ ቃል በሩሲያኛ «መስጠት» ከሚለው ግስ የወጣች ናት፤ በጥንት ጊዜ ዛሩ ለባለሟሎቹ የሚሰጠው መሬት ነበረች። ወዳጄ ቃሏን ከነትርጉሟ ነው ለካ ያመጣት! በሶቪየት ዘመን የተለመደው የዳቻ መሬት ስድስት መቶ ካሬ ሜትር ነበር፤ የፋብሪካው ሠራተኛ ቅዳሜና እሑድ እየሄደ ድንችና ጎመን ያበቅልበታል። የወዳጄ ከዚያ እጥፍ ነው። ድንች ግን የለበትም፤ ሣር ነው የተተከለበት። ድንች ሲያበቅል የኖረ መሬት ላይ።

በማግሥቱ ይዞኝ ሄደ። ዳቻዋ ክብ ናት፤ የሣር ክዳን፣ በጭቃ የተመረገ ግድግዳ፣ ከውስጥ ወጋግራው እንዲታይ ኮርኒስ ያልተመታላት። መጸዳጃ ቤቷ ግን ሴራሚክ ነው። ወዳጄ «ባህላዊ ነው፤ ተፈጥሯዊ ነው» እያለ በኩራት አዞረኝ። ከአጥሩ ማዶ የገበሬው ቤት ይታያል። አራት ማዕዘን፣ በቆርቆሮ የተሸፈነ፣ ክዳኑ ፀሐይ ሲያገኘው ዓይን የሚወጋ። ገበሬው ከሣር ወደ ቆርቆሮ ለመውጣት ስንት ዓመት ፈጀበት ብዬ ጠየቅሁት። ሳቅ አለና ከሣሩ ውስጥ ጢስና ቁንጫ፣ በክረምት ፍሳሽ፣ በበጋ የእሳት ስጋት እንደነበረ ነገረኝ። «እንዲያው እነዚህ የተማሩት ምን ነክቷቸው ነው ወደዚያው የሚመለሱት?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መልሱን አላጣሁትም፤ መናገሩ ግን አሳፈረኝ። ለእኛ የሣር ክዳን ትዝታ ነው፤ እናታችንን፣ የክረምት ጥብስ በቆሎን፣ የልጅነት ሌሊትን ያስታውሰናል። በእሱ ውስጥ ለሚኖር ሰው ግን ትዝታ አይደለም፤ ፍሳሽ ነው። ደግሞ የሣሩ ነገር ከተነሳ ርካሽ እንኳ አይደለም። ግጦሹ ሁሉ ታርሶ ሰንበሌጥ ከሩቅ ቦታ በጭነት ነው የሚመጣው፤ አሳምሮ የሚከድን ሽማግሌ ማግኘትም ራሱን የቻለ ፍለጋ ነው። ወዳጄ ለክዳኑ የከፈለው ቆርቆሮ ሁለት ጊዜ ያለብሰው ነበር። በቁጠባ ተጀምሮ ሌላ ቦታ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው የተንዛዛው፤ ድህነትን ማስመሰሉ ላይ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ግማሽ ጥማድ ማለት ሺህ ሁለት መቶ ኀምሳ ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ሥልሳ ሺህ ሲካፈል ካሬው በ48 ብር። በዚያን ጊዜ አንድ ሰሐን ጥብስ ከዚህ ይበልጥ ነበር። እዚያው ከተማ ውስጥ በሊዝ ጨረታ ካሬው ስንት እንደሚወጣ ወዳጄ ከእኔ በተሻለ ያውቃል፤ ተጫርቶ ተሸንፏልና። ታዲያ የገበሬው ለምን ይህን ያህል ረከሰ? መሬቱ ጠፍ ስለሆነ አይደለም፤ ስንዴና ድንች አብቃይ ነው። ሩቅ ስለሆነም አይደለም፤ መንገድ ዳር ነው። የረከሰው ገበሬው በአደባባይ ሊሸጠው ስለማይችል ነው። ጨረታ አይጠራ፣ ሁለት ገዢ አያወዳድር፣ ቢታለል አይከስ። በር ዘግቶ፣ ምስጢር ሊጠብቅለት ለሚችል አንድ ሰው ብቻ፣ ያ ሰው በጠራው ዋጋ ይሸጣል። ቅናሹ የሕገ ወጥነቱ ቅናሽ ነው። ያንንም ቅናሽ የምንበላው አዋጁን አንቀጽ በአንቀጽ ማንበብ የምንችለው ሰዎች ነን።

ግማሽ ጥማድ በደህና ዓመት ሦስት ኩንታል ተኩል ያህል ስንዴ ትሰጣለች። በዚያን ጊዜ ዋጋ አራት ሺህ ተኩል ብር በሉት። ሥልሳ ሺህ ብር የዐሥራ ሦስት ዓመት ስንዴ ነው ማለት ነው። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላስ? በኋላማ ልጁ ነው ያለው። ደግሞ ገበሬው ብሩን በሣጥን አስቀመጠ ብንል እንኳ፣ ያን ጊዜ አርባ አምስት ኩንታል ይሸምት የነበረው ሥልሳ ሺህ ዛሬ ዐሥር ኩንታል ቢሸምት ነው። ስንዴ ከዓመት ዓመት ይበቅላል፤ ብር እንዲያ አያውቅበትም።

ወዳጄ ግን ገበሬው ለምን መሬት ላይ ሲደርስ እንደሚያብድ አይገባውም። እኔ ስንት ዓመት ያስተማርኩትን ልብ ወለድ ቢያነብ ይገባው ነበር። የደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወላጅ የሆኑት ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። እዚያ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ውጪ ግብር አምጡ ሲሉ ባላገሩ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ይላቸዋል። መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960፣ እውነተኛው የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብሩና በመሬት ልኬታው ተነሣ። ርስቴ ተለክቶ ከእጄ ሊወጣ ነው ብሎ ነው። መንግሥት ጦርና አይሮፕላን ላከ፤ መጨረሻው ግን ግብሩን መተው ሆነ። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ታወጀ፤ ጭሰኛው ተፈታ፤ የጎጃሙ ርስትም አብሮ ሄደ። በ1989 በክልሉ እንደገና ድልድል ተደረገ። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር አመራር የነበረ «ቢሮክራት» ተብሎ ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተወሰነበት። ታላቅ ወንድሜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበር፤ ማንበብና መጻፍ ስለሚችል ነው የመረጡት። በዚያች ፊደል ምክንያት አራት ጥማድ ብቻ ቀረችው።

እንግዲህ ይህ ሰው በሦስት መንግሥት ገመድና ወረቀት የያዘ ሰው ሲመጣበት አይቷል። በኋላ አረንጓዴው የይዞታ ደብተር ተሰጠው፤ ወንድሜ ሣጥን ውስጥ ከዳዊቱ ሥር ነው የሚያኖረው። ከእነዚያ ባለ ወረቀቶች ቀጥሎ የመጣው እኛ ነን። ቅዳሜ በመኪና እንመጣለን። የገበሬው ልጅ ውሃ ይቀዳልናል፤ በግ ያርድልናል፤ መኪናችንን ይጠብቃል። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ በፊታውራሪ መሸሻ ሲስቁ ትዝ ይለኛል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ዛሬ ከእነዚያ ተማሪዎች ስንቱ የቅዳሜና እሑድ ፊታውራሪ እንደሆነ ባውቅ ፈተናውን አከብደው ነበር።

«ቆይ ቆይ» ይለኛል ወዳጄ። «ሰውየው ዐዋቂ ነው። ሚስቱ ታማ ብር ቸገረው። እኔ ባልወስደው ሌላው ይወስደው ነበር። ሕጉ ነው መጥፎ፤ ሰውየው የራሱን መሬት እንዳይሸጥ የከለከለው ማን ነው?»

ይህ ደህና ክርክር ነው፤ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። እኔም የሕጉ ጠበቃ አይደለሁም። መሬት ይሸጥ አይሸጥ በሚለው ላይ ምሁራኖቻችን ሠላሳ ዓመት ተከራክረዋል፤ ሁለቱም ወገን ያልተናቀ ምክንያት አለው። ግን ወዳጄ ሕጉ ይለወጥ ብሎ አንድ ቀን ተሟግቶ አያውቅም። ለምን ይሟገት? ሕጉ ተለውጦ መሬት በገበያ ቢሸጥ ያቺ ግማሽ ጥማድ በሥልሳ ሺህ አትገኝም። በሕጉ የሚያማርረው አፉ ነው፤ በሕጉ የተጠቀመው ኪሱ ነው። «ሌላው ይወስደው ነበር» የሚለውን ደግሞ ተዉት፤ ሌባም እንዲሁ ይላል።

ለታመመችው ሚስትስ ሌላ መንገድ አልነበረም? ነበረ። ወዳጄ ያችን ግማሽ ጥማድ በቀበሌው መዝገብ ለአምስት ዓመት ተከራይቶ፣ ገንዘቡን ዛሬውኑ ቆጥሮ፣ መልሶ ለዚያው ገበሬ በእኩል ሊያሳርሰው ይችል ነበር። በዓመቱ ስንዴና ድንች ይደርሰዋል፤ አምስት ዓመቱ ሲያልቅ መሬቱ ለልጁ ጎጆ ይደርሳል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ ፈቅዷል፤ ሽያጭን ግን አሁንም አልፈቀደም። መንገዱ ነበረ፤ አለም። ብቻ በዚያ መንገድ ዳቻ አይገኝም። ከተማዋ እየሰፋች ስትመጣም «ይዞታዬ ነው» ብሎ ካርታ የሚጠየቅበት ነገር አይገኝም። ይቺ ሁለተኛዋ ምክንያት ጮክ ተብላ አትነገርም እንጂ ከነፋሻ አየሩ ይልቅ ብዙ ዳቻ ያሠራችው እሷ ናት።

ተማሪዬ በስልክ «ቶሮም እንዲህ አድርጓል፣ እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስተማሩን» ብሎኝ ነበር። አስተምሬአለሁ። ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ እ.ኤ.አ. በ1845 አሜሪካ፣ ኮንኮርድ ከተማ አጠገብ፣ ዋልደን ኩሬ ዳር ሦስት በአራት ተኩል ሜትር የምትሆን ጎጆ ሠራ። ወጪውን እስከ ሳንቲሙ ጽፎታል፤ ጣውላው፣ ሚስማሩ፣ ኖራው፣ ማጠፊያው። ድምሩ 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል። ተማሪዬ ያልያዘው ግን አንድ መስመር አለ፤ ያልተጻፈው መስመር። የመሬት ዋጋ የለበትም። መሬቱ የወዳጁ የኤመርሰን ነበር። ቶሮ የራሴ ነው አላለም፤ አጥር አልሠራም፤ ከሁለት ዓመት ከሁለት ወር በኋላ ትቶት ሄደ። ጎጆዋም በኋላ ወደ ሌላ ገበሬ ግቢ ተወስዳ የእህል ማኖሪያ ሆነች። ቶሮን የሚጠቅስ ሰው ይህንንም ይጥቀስ።

አሁን የእኔ ሠላሳ አንድ ሺህ ብር። ንጹሕ ነኝ አልልም። በ2009 ክረምት ላይ ለወንድሜ «ጋሼ፣ መንገድ ዳር ግማሽ ጥማድ የሚለቅ ሰው ብታገኝልኝ» ብዬው ነበር። ብሩን ቆጥሬ ተዘጋጅቼ ነበር። ወንድሜ ዝም ብሎ ጠላውን ቀዳልኝ። ቆይቶ «ከሰው ልጅ አፍ ላይ ምን አስወሰደህ? ጓሮዬ ጠበበህ?» አለኝ። በቃ፣ ሌላ አልተናገረም። ለግማሽ ዓመት ያህል ተቀየምኩት። በገዛ ስሜ የሆነ ቁራሽ መሬት እፈልግ ነበር፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ ከአገሬ የቀረኝ ትዝታ ብቻ መስሎኝ ነበር። በጥር ግን ሄጄ በጓሮው፣ ከጌሾው አጠገብ፣ አራት በአምስት ሜትር የሆነች አንድ ክፍል ጀመርን።

ለተማሪዬ የገባሁለት ቃል ስላለ አሠራሩን ልናገር። መሠረቱ ከእርሻ ዳር የተለቀመ ድንጋይ ነው፤ ከመሬት እስከ ጉልበት ከፍ ይበል፤ እዚህ ላይ የቆጠበ በሦስተኛው ክረምት ያለቅሳል። ባሕር ዛፉ በበጋ ይቆረጥ፤ ይላጥ፤ መሬት የሚገባው ጫፍ በእሳት ተለብልቦ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባ። ማገሩ ጠበቅ ጠበቅ ብሎ ይመታ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ተረግጦ ሳምንት ይተኛ፤ እንደገና ተረግጦ እንደገና ይተኛ፤ እንደ ሊጥ ቦክቶ ሽታው ሲለወጥ ነው የሚመረገው። መጀመሪያ የተመረገው ይሰነጣጠቃል፤ አትደንግጥ፤ ይሰንጠቅ። በደንብ ከደረቀ በኋላ በሁለተኛው ይዘጋል፤ በመጨረሻ በእበትና በአመድ ይለቀለቃል። በጭቃ ላይ ሲሚንቶ ልለስን የሚል አናጢ ቢመጣብህ አሰናብተው፤ ሁለቱ አይያያዙም፤ እርጥበት አፍኖ በቅርፊት በቅርፊት ይረግፋል። የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው ክንድ ከስንዝር ወጣ ይበል፤ የጎጃም ክረምት ከጎን ነው የሚመታው። የዘንድሮውን አላውቅም እንጂ ያኔ ሃያ አራት ቆርቆሮ ከነሚስማሩ አምስት ሺህ፣ አናጢ ሰባት ሺህ፣ በርና መስኮት ስድስት ሺህ ተኩል፣ የወለሉ ሲሚንቶና አሸዋ አምስት ሺህ ተኩል፣ ማጓጓዣ ሦስት ሺህ፣ ለደቦው በግና ጠላ አራት ሺህ። ድምሩ ሠላሳ አንድ ሺህ።

ባሕር ዛፍ፣ ዜሮ። ድንጋይ፣ ዜሮ። ጭድ፣ ዜሮ። ሁለት ቀን ሙሉ ጭቃ የረገጡት ሃያ ሰዎች፣ ዜሮ። መሬት፣ ዜሮ።

እነዚህን ዜሮዎች ተማሪዬ ልብ ብሎ ይያቸው፤ በእኔ መዝገብ ዜሮ ሆኑ እንጂ በወንድሜ መዝገብ ዜሮ አይደሉም። ባሕር ዛፉ የልጅ ሠርግ መደገሻ ነበር። ስለዚህ ሠላሳ አንድ ሺህ የሚለው መልስ ልክ አይደለም። የወንድሜ ሴት ልጅ እኔ ቤት ሦስት ዓመት ተቀምጣ ተማረች፤ እሱ አንዱ ክፍያ ነው። የወንድሜ የዓይን ቀዶ ጥገና ሌላው። ጭቃ ከረገጡት ሰዎች መካከል ልጁን ሥራ ፈልግልኝ ብሎ የላከብኝ አለ፤ ገና አላገኘሁለትም። እዳው አያልቅም፤ በስሜም ምንም ወረቀት የለም፤ ልሸጠው ብፈልግ የሚገዛኝ የለም፤ ለልጆቼም አላወርሰውም። ወዳጆቼ «በሰው ጓሮ ገንብቶ!» ብለው ሳቁብኝ። የዳቻው ባለቤት ግን አልሳቀም፤ በዚያን ጊዜ ክስ ላይ ነበር።

ለአምስት ዓመት ያህል በፋሲካና በመስቀል እየሄድኩ ተኛሁባት። ዝናብ ቆርቆሮዋ ላይ ሲመታ ሌላ ምንም አይሰማም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን በአካባቢው ጦርነት ሆነ፤ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ስልኩ ሲቋረጥ ሲቀጥል ቆየ፤ ቤቷን ሳላያት ቀረሁ። የበሯን ጓጉንቸር ቁልፍ አዲስ አበባ፣ መጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ፣ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አልፎ አልፎ አየዋለሁ።

ከጥቂት ወራት በፊት ስልክ ሠርቶ ወንድሜን አገኘሁት። ትንሹ ልጁ ማግባቱን ነገረኝ። እንዲህ ባለ ጊዜ ምን ሠርግ አለ፤ በዝምታ ነው ያጋቡት።

«የት ገቡ ታዲያ?» አልኩት።

«ማድቤት ውስጥ ናቸው። ክረምቱ እስኪያልፍ።»

ዝም አልኩ። ጓሮው ታየኝ፤ ማድቤቱ፣ ከማድቤቱ ዐሥር እርምጃ ርቃ የተቆለፈችው ክፍል።

«ጋሼ፣ እኔ ክፍል ለምን አይገቡም?»

«ቁልፉ አንተ ዘንድ ነው።»

«ስበሩታ!»

የተቋረጠ መሰለኝ። «ሄሎ?» አልኩ።

«እንዴት ብዬ የሰው ቤት እሰብራለሁ?» አለኝ ወንድሜ። በገዛ ጓሮው። በገዛ ባሕር ዛፉ። ዘጠኝ ጊዜ ያህል «ስበረው» ብዬ ለመንኩት፤ በመጨረሻ የነፍስ አባታችንን አስልኬበት ነው እሺ ያለኝ። ሙሽሮቹ በሳምንቱ ገቡ። ቀጥሎ ስንገናኝ ግን ስለ ሙሽሮቹ ከመንገሩ በፊት ያነሳው የጓጉንቸሩን ነገር ነው። ተሰብሮ ስለነበረ በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥኑ ውስጥ፣ ከአረንጓዴው ደብተር ጋር አስቀምጦታል።

«ስትመጣ ትወስደዋለህ» አለኝ።